ለደሴዋ ጥፍር ሰሪ ምስጋና፣ ጥፍር ማውለቅ ለቸገራችሁ ደግሞ ጥቆማ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ዙሪያው ያላችሁ እህቶቼ፣ ዛሬ አንዲት ጥፍር ሰሪ ላመሰግንና ለእናንተም ልጠቁማችሁ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ጥግ ይዛ ትሠራለች። ስሟንና ስልኳን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለለመነችኝ፣ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአጎቴ ልጅ ሰርግ ረመዳን ሊገባ ሲል ነበር። ሙሽራዋ እንደ ወጉ እንሶስላ ሞቀች። እኛ ሚዜዎቹ ግን ዘመናዊ ነን ብለን አክሪሊክ የሚባለውን ሰው ሰራሽ ጥፍር አስቀጠልን። ማማሩንስ አምሮብን ነበር። ሰርጉ አልፎ ጾሙ ሲቃረብ ጥፍሩ የግድ መውለቅ ነበረበት። ለውዱዕ፣ ማለትም ከሶላት በፊት ለምንታጠበው፣ ውሃው ጥፍር ላይ መድረስ አለበት። እንሶስላ ቀለም ብቻ ስለሆነ ውሃ አያግድም፤ አክሪሊክ ግን ጥፍሩን ጥርቅም አድርጎ ይሸፍነዋል።

እኔ ያለሁት ሐይቅ ነው። ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም ሥራ ፋታ አልሰጠኝም። ቴሌግራም ላይ «መቼ ልምጣ?» ብዬ ጻፍኩላት። ቀጠሮ ይዛ ብሯን መቀበል ስትችል፣ «አብሽሪ እህትዬ፣ ይሄንን ለማውለቅ እዚህ ድረስ ምን አንከራተተሽ? እዚያው ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ታወልቂዋለሽ» አለችኝ። ከዚያ በድምፅ መልእክት አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ካርድ ልሙላልሽ ብላት እንኳን እምቢ አለች።

መጀመሪያ አክሪሊኩን የሚያሟሟውን ፈሳሽ፣ ንጹህ አሴቶን አስገዛችኝ። ሱቅ ያለው የኩቴክስ ማስለቀቂያ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ጭራሽ ከአሴቶን ነጻ ነው። እሱ ተራ የጥፍር ቀለም ያስለቅቃል እንጂ አክሪሊክ ንክች አያደርግም። ሌላው ዕቃ ብዙ አያስቸግርም፤ ጥጥ፣ ፎይል፣ ቫዝሊን፣ ሞረድ፣ ጥፍር መቁረጫና አንድ የእንጨት ስንጥር ይበቃል። «ለመፈንቀል ብለሽ ቢላዋ፣ ምላጭ፣ ብረት የሚባል ነገር እንዳትነኪ» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ከዚያ ማሳጠር ነው። ከራስ ጥፍር አልፎ የወጣውን ብቻ፣ ከዳር በኩል ጥቂት በጥቂት እየቆረጡ። በአንዴ ቀጭ ካደረጉት አክሪሊኩ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም የራስን ጥፍር ይዞ ሊወርድ ይችላል። ቀጥሎ የሚያብለጨልጨውን የላይኛውን ሽፋን በሞረድ እስኪደበዝዝ መፋቅ። ይሄ አሰልቺው ክፍል ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። ሽፋኑ ካልተፋቀ አሴቶኑ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ጥፍሩን ቀኑን ሙሉ ቢዘፈዝፉት ለውጥ የለውም። በጥፍሩ ዙሪያ ያለው ቆዳ ቫዝሊን ይቀባል፣ ጥፍሩ ራሱ ግን አይነካም። በመጨረሻ ጥፍሩን የምታህል ጥጥ በአሴቶን አርሶ ማስቀመጥና በፎይል ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል። አንዱ እጅ ተጠቅልሎ ሌላው ነጻ ይሁን። አለበለዚያ በር ሲንኳኳ፣ ስልክ ሲጠራ እጅ አጥታችሁ ትቀራላችሁ።

ደቂቃውንም ነግራኛለች። ጄል ቀለም ከ10 እስከ 15፣ አክሪሊክ ከ20 እስከ 30፣ ወፍራም ከሆነ ከዚያም በላይ።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳት ግን ስለ እሳት ስላነሳችብኝ ነው። «ቡና ከቀረበ አሴቶኑ አይከፈት» ብላ ነው የጀመረችው። የቀለደች መስሎኝ ነበር፤ የምሯን ነው። አሴቶን በቀላሉ ይቀጣጠላል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይሄድም፣ ወለል ለወለል ይሳባል። እኛ ቤት ደግሞ ከሰሉም፣ ጀበናውም፣ የዕጣን ማጨሻውም ወለል ላይ ነው። ቡና አፍልቶ እየተጫወቱ ጥፍር ማውለቅ ሲያስቡት ደስ ይላል፤ ግን አደገኛ ነው። አቦሉም በረካውም ይጠጣ፣ ከሰሉ ይጥፋ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ከዚያ በኋላ ነው ጥፍር። ሻማም ጋዝ ምድጃም ያው ናቸው። ቶሎ እንዲሠራ ብሎ አሴቶን እሳት ላይ ማሞቅማ ፈጽሞ አይሞከርም። ያለቀውን ጥጥም ከሰል ላይ አትጣሉት። ደጅ አስቀምጣችሁ በደንብ ይትነንና ከዚያ ይጣል። ጠርሙሱ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ዕቃም ምረጡ፤ አሴቶን አንዳንዱን ፕላስቲክ ያቀልጣል፣ ስለዚህ ብርጭቆ ወይም የሸክላ ስኒ ተጠቀሙ።

ፎይሉን ስከፍተው አክሪሊኩ ተጨማዶ፣ ነጣ ብሎ፣ እንደ ማስቲካ ለስልሶ ነበር። በስንጥሩ ከሥሩ ወደ ጫፉ ቀስ ብዬ ገፋ ሳደርገው ተንሸራቶ ወጣ። የቀኝ አውራ ጣቴ ግን አሻፈረኝ አለ። ዳር ዳሩ ሲለቅ መሃሉ ላይ ነጭ ደሴት የመሰለ ነገር ቀረ። ፎቶ አንስቼ ላኩላት። «እንዳትጎትቺው! እንደገና በአዲስ ጥጥ ጠቅልይው» አለችኝ። ጠቀለልኩት፤ በሁለተኛው ራሱ ለቀቀ። ጣቴ ዙሪያ ቆዳው ነጭ ሆኖ ደንግጬ ነበር፤ አሴቶን ስለሚያደርቅ ነው፣ በሳሙናና በውሃ ታጥቤ ዘይት ስቀባው ተመለሰ።

«እንዳትጎትቺ» ያለችው ለምን እንደሆነ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም። ታናሽ እህቴን ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ (ስሙ ይቅር) ያደረጓትን አይቻለሁ። ጊዜ የለንም ብለው በሥሩ ስለታም ነገር ሰክተው እየፈነቀሉ ነቀሉላት። ጥፍር የተደራረበ ስስ ሽፋን ነው፤ አክሪሊኩ በግድ ሲነሳ የላይኛውን ሽፋን ይዞ ይነሳል። ልጅቷ ቃሪያ መሰንጠቅ፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ አቃታት፣ ያቃጥላት ነበር። የተነሳው ሽፋን ተመልሶ አይሞላም፣ አድጎ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ሙሉ ለሙሉ ለመተካት ስድስት ወር አካባቢ ይወስዳል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ጥፍር ሰሪዋን ለምን እንደምጠቁማችሁ ልንገራችሁ። ጎረቤቴ ነርስ ናት። ፈቃድ ላይ ሆና ነው ለሰርጉ ከእኛ ጋር የተሽቀረቀረችው። ወደ ሥራ ስትመለስ ማውለቅ ግድ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእጅ ንጽህና መመሪያ፣ በሽተኛ በቀጥታ የሚነኩ ባለሙያዎች ሰው ሰራሽ ጥፍር እንዳያደርጉ ይላል፤ ታጥበውም ቢሆን ጀርም በሥሩ ይቀራልና። እሷ ያሠራችው ሌላ ሰው ጋ ስለነበር አክሪሊክ ይሁን ጄል አታውቅም። ጥፍር ሰሪዋን አብረን ጠየቅናት።

«የአንዷን ጣት ሽፋን ፋቂና አሴቶን ያለበት ጥጥ ለሩብ ሰዓት አስቀምጪበት» አለቻት። ምንም አልለሰለሰም። ያኔ ከጄል ቀለሙ የተለየው ጠንካራ ጄል መሆኑን ነገረቻት። እሱ በአሴቶን አይሟሟም፤ በሞረድ ወይም በማሽን ነው የሚወርደው። «ይሄንን ቤትሽ አትነካኪው፣ ነይ» አለቻት። አያችሁ፣ የሚቻለውን ቤታችሁ ሥሩት ትላለች፣ የማይቻለውን ደግሞ በግልጽ ትናገራለች።

እኔም ፋታ ስላገኘሁ አብሬያት ደሴ ሄድኩ፣ ስትሠራ ቁጭ ብዬ አየሁ። ማሽኑን አንድ ቦታ ላይ አታቆየውም፣ ታንቀሳቅሰዋለች። ጎረቤቴ «ሞቀኝ» ባለች ቁጥር ታነሳዋለች። እስከ ጥፍሩ ድረስም አልወረደችም። ስስ ሽፋን አስቀርታ «ይሄ ከጥፍርሽ ጋር አድጎ ይወጣል፣ በየጊዜው ጫፉን ሞርጂው» አለቻት። አንዲቱ ጣት ሥር አረንጓዴ ነጠብጣብ ስታይ ደግሞ ቀለም ልቀባበት አላለችም። ሰው ሰራሹ ጥፍር ተላቅቆ በሥሩ እርጥበት ሲገባ ባክቴሪያ እንደዚያ ሊያደርገው እንደሚችል ነግራ፣ ሐኪም እንድታሳየው አዘዘቻት። ቀይ ሆኖ ካበጠ፣ መግል ከያዘ፣ ከጠዘጠዘ የሐኪም ነው እንጂ የሳሎን ጉዳይ አይደለም ነው ያለችው።

በሙጫ ለምትለጥፉት ዝግጁ ጥፍርም ጠይቄላችኋለሁ። እሱ ቀላል ነው። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፎ፣ ዳሩ ሲላቀቅ ትንሽ ዘይት እያስገቡ ማንሸራተት። ሙጫው ጠንካራ ከሆነ አሴቶን ያስለቅቀዋል።

ካወለቃችሁ በኋላ ጥፍራችሁን አጭር አድርጉት፣ ማታ ማታ ዘይት ወይም ቫዝሊን ቀቡት፣ በረኪና ስትነኩ ጓንት አጥልቁ። ወዲያው ሌላ አታስቀጥሉ። ይሄንን የምትለው ከማስቀጠል የምትበላ ልጅ ናት፤ እኔን የገረመኝም እሱ ነው።

በሰርግ ወቅት ቅዳሜና እሁድ ሙሽሮችና ሚዜዎች ስለሚያጣብቧት በሳምንቱ መሃል ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። ለማውለቅ ብቻ ከሆነ ደግሞ የጥፍራችሁን ፎቶ በመስኮት ብርሃን ከላይም ከጎንም አንስታችሁ ቀድማችሁ ላኩላት። ምናልባት «አትምጪ» ትላችሁ ይሆናል።