ስድስት ኪሎ ላይ ተማሪዎቼን ግጥም ያስጻፈልኝ አስጎብኚ

የአማርኛ መምህር ነኝ፤ የትምህርት ቤታችንን የሥነ ጽሑፍ ክበብም እይዛለሁ። የካቲት 12 በመጣ ቁጥር ተማሪዎቼ ግጥም ይጽፋሉ። እውነቱን ለመናገር እስከ ዘንድሮ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። «ጀግኖች አባቶቻችን» ብሎ ይጀምራል፣ «ደም» ከ«ወንድም» ጋር ቤት ይመታል፣ ያልቃል።

ዘንድሮ ክበቡን ይዤ ስድስት ኪሎ ሄድኩ። በሰው በሰው አንድ ወጣት አስጎብኚ አገኘሁ። ዛሬ ላመሰግን የተነሳሁት እሱን ነው።

መጀመሪያ ደብተራቸውን ወደ ቦርሳ አስመለሳቸው። ከዚያ ሐውልቱ ላይ ካሉት የነሐስ ምስሎች ፊት አቁሞ «አንድ ሰው ብቻ ምረጡ፤ እጁን እዩት» አላቸው። ዝም ብለው አዩ። እሱም ቀስ ብሎ ነገራቸው። በ1929 ዓ.ም. ያ ቀን ዓርብ ነበር። ግራዚያኒ የኢጣሊያ ልዑል ተወለደ ብሎ ድሆችን ለምጽዋት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ሰብስቧል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምቡን ሲወረውሩ፣ የጣሊያን ጥይት መጀመሪያ ያገኘው እዚያው የተሰበሰቡትን ነው።

30,000 ሰው አለቀ የሚለውን ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሸምድደውታል። ምጽዋቱን ግን አያውቁም ነበር። ክበቡ ውስጥ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በማግስቱ ይህን ይዛ መጣች፦

ለምጽዋት ተጠርቶ እጁን ሲዘረጋ፣
ቀትር ላይ መሸበት፣ ዳግመኛ ላይነጋ።

ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ቃል አልነካሁባትም።

ቤተ መንግሥቱ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ደጁ ላይ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ አንድ እርከን እያሉ ፋሺስቶቹ የሠሩት ነው። አሁን አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል። አስጎብኚው ይህን ከመናገሩ በፊት «ይሄ ደረጃ ወዴት ይወስዳል?» ብሎ ጠየቃቸው። አንዱ ልጅ «ወደ አንበሳው» አለ። የግጥሙም ርእስ እሱው ሆነ።

ሌላም የወደድኩለት ነገር አለ። አንዲት ተማሪ ለጠየቀችው ጥያቄ «አጣርቼ እነግርሻለሁ» አላት። ማታውኑ መልሱን በስልኬ ላከልኝ።

መምህራን፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሃያ ባይበልጡ ጥሩ ነው፤ ሲበዙ ከኋላ ያሉት አይሰሙም። ጠዋት ይሻላል። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የልጆቹን ግጥሞች አስጠርዘናል፤ የመጀመሪያው ቅጂ ያንተ ነው።