ሙሉ ሥልጠና ወይስ ሎራ? ሰውን በጽሑፍ መግለጫ ለሚፈልግ ሞዴል
ሰውን በጽሑፍ መግለጫ ከካሜራ ምስሎች መካከል ለማግኘት፣ በ400 ሚሊዮን የምስልና የጽሑፍ ጥንዶች የሠለጠነውን ክሊፕን (ምስልንና ጽሑፍን የሚያዛምድ ሞዴል) በሁለት መንገድ ማላመድ ይቻላል። ሁሉንም ክብደቶች (ሞዴሉ የተማረውን የሚይዙ ቁጥሮች) እንደገና ማሠልጠን በቂ መረጃና ኃይለኛ ጂፒዩ (የስሌት ካርድ) ላለው ተቋም የሚመች ሲሆን፣ መረጃው ሲያንስ ግን ሞዴሉ ቀድሞ የተማረውን ሊረሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የቀረበው ሎራ የተባለው የማላመጃ ዘዴ ዋናዎቹን ክብደቶች ሳይነካ በተመረጡ የሞዴሉ ንብርብሮች ላይ ጥንድ ትንንሽ ማትሪክሶችን (የቁጥር ሠንጠረዦችን) ብቻ ስለሚያሠለጥን የጂፒዩ ማስታወሻ ፍጆታው አነስተኛ ነው፤ ማትሪክሶቹ በኋላ ከዋናው ጋር ስለሚዋሐዱም ፍለጋውን አያዘገይም። በአንድ ጂፒዩ ለሚሠራ የጎንደር ተመራማሪ ሎራን እመርጣለሁ። ይሁንና በጥምቀት ዕለት በአፄ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ አብዛኛው ሰው ነጭ ስለሚለብስ (ቀለም ብቻውን ማንንም አይለይም)፣ የጥለትና የነጠላ አጣጣል ዝርዝር ያላቸው የአማርኛ መግለጫዎች ካልተዘጋጁ ሁለቱም ዘዴዎች ይቸገራሉ።