ለሰሜን ጉዞ የካነን ሌንሶች ንጽጽር፦ አንዱ 18-135 ወይስ 10-18 ከ55-250 ጋር?

ይህ ንጽጽር ክሮፕ ሴንሰር (ከሙሉ ፍሬም ያነሰ የምስል መቀበያ) ያለው የካነን ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር) ካሜራ ይዘው ወደ ጎንደር፣ ወደ ስሜን ተራሮችና ወደ ላሊበላ ለመጓዝ ላሰቡ፣ ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ኪት ሌንስም አልበቃ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። በሌንሶቹ ስም ያሉት ቁጥሮች የትኩረት ርዝመት በሚሊሜትር ናቸው፤ ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል፣ ሲበዛ ሩቁ ይቀርባል። አይኤስ ማረጋጊያ እንዳለው፣ ዩኤስኤምና ኤስቲኤም ደግሞ የትኩረት ሞተሩን ዓይነት ይነግራሉ። ከፊታቸው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው 18-135 አይኤስ ዩኤስኤም የተባለውን አንድ ዙም ገዝቶ ከካሜራው ላይ ሳያነሱ መጓዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሰፊውን 10-18 አይኤስ ኤስቲኤምና ረጅሙን 55-250 አይኤስ ኤስቲኤም ለየብቻ መያዝ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ለአብዛኛው ተጓዥ የሚሻለው 18-135 ነው፤ ሆኖም ብዙ ብርሃን የምታስገባ አንዲት ትንሽ ሌንስ ካልታከለችበት ምርጫው ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ክብደትን ነው። 18-135 ሌንሱ 515 ግራም ይመዝናል፤ 10-18 ደግሞ 240፣ 55-250 ደግሞ 375፣ በድምሩ 615 ግራም ይሆናሉ። ልዩነቱ 100 ግራም ብቻ ስለሆነ ትከሻ የሚያውቀው ነገር አይደለም። ምርጫውን የሚወስነው ሌንስ መቀያየር ነው።

ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ጎንደር ላይ የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከሰፊ ሌንስ ወደ ረጅም ለመቀየር ቦርሳ ተከፍቶ፣ ክዳን ተነቅሎ፣ አንዱ ሌንስ በብብት ተይዞ ሌላው እስኪገጠም ድረስ፣ ፊት ለፊት ጥላው ስር የነበሩት ካህን አልፈው ሄደዋል፤ ሕዝቡም ከኋላ ይገፋል። ከዚያ የሚብሰው አቧራው ነው። እኔ ራሴ በአንድ የጥምቀት በዓል ሦስት ጊዜ ሌንስ ቀይሬ፣ ማታ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ስከፍት፣ ሰማዩ በሚታይባቸው ሁሉ ከላይ በስተቀኝ አንድ የደበዘዘ ጥቁር ነጥብ አገኘሁ። በሴንሰሩ ላይ የተቀመጠች ቅንጣት ነበረች። አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲበዛ ይጠባል) ኤፍ/11 ላይ በነበረባቸው ፎቶዎች ነጥቧ ጎልታ ስለወጣች እያንዳንዱን በእጅ ማጽዳት ነበረብኝ። ስለዚህ በበዓልና በሕዝብ መካከል ለሚያነሳ ሰው 18-135 ያለ ምንም ማመንታት ይመረጣል።

በርቀት በኩል የካነን ክሮፕ ሴንሰር የሌንሱን እይታ በ1.6 እጥፍ ስለሚያጠብ፣ 135 ሚ.ሜ. በሙሉ ፍሬም (ትልቁ ሴንሰር ባለው) ካሜራ የ216፣ 250 ሚ.ሜ. ደግሞ የ400 ያህል ያቀርባል። ስሜን ላይ ጭላዳ ለማንሳት 250 ግድ ነው የሚባለው ግን ትክክል አይደለም። ጭላዳዎቹ በመንጋ ሆነው ሣር እየነጩ ሲበሉ ሰው በጥቂት ሜትር ርቀት ቢቀመጥ ብዙም አይሸሹም፤ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ሞልቶ ለማሳየት 135 ይበቃል። 250 የሚያስፈልገው ከገደሉ ማዶ ለቆመ ዋልያ ነው። ዋልያን አስቦ የሚሄድ ሰው 55-250ን ይያዝ፤ ለሌላው ግን በየጉዞው ለሁለትና ሦስት ፎቶ ብሎ መሸከም አያዋጣም።

10-18 ያለ ተወዳዳሪ የሚመረጠው በሕንፃ ላይ ነው። ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ከአለቱ ጠርዝ ሆኖ የመስቀሉን ጣራ ለማንሳት 18 ሚ.ሜ. ይበቃል። ወደ ታች ወርዶ ከግቢው ውስጥ፣ ጀርባን ከተፈለፈለው ግድግዳ አስጠግቶ ለሚያነሳ ግን 18 ወይ መሠረቱን ወይ ጣራውን ይቆርጣል፤ 10 ሚ.ሜ. ሁለቱንም ያስገባል። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ገብቶ ጣራውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች በአንድ ፎቶ ለማኖርም ከእሱ የሚሻል አላውቅም። ለሥነ ሕንፃና ለቅዱሳት ሥዕላት ብሎ የሚጓዝ ሰው ከላይ የሰጠሁትን ፍርድ ትቶ 10-18ን ቢያስቀድም ትክክል ነው።

የብርሃን ነገር ግን ሁለቱንም መንገድ ይፈትናል። የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጨለማ ነው፤ ፍላሽ ለጥንታዊ ሥዕል አይገባም፣ በቅዳሴ ሰዓትም ምእመናኑን ያውካል። ሦስቱም ዙሞች የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርም ማረጋጊያ ስላላቸው፣ የማይንቀሳቀስ ሥዕልን በአንድ ስምንተኛ ሰከንድ እንኳ ጥርት አድርጎ ማንሳት ይቻላል። ማረጋጊያው ግን የሚያረጋው የእርስዎን እጅ እንጂ የካህኑን እጅ አይደለም። ጽና የሚያወዛውዝ ዲያቆን፣ መቋሚያ የሚያነሳ ደብተራ በዘገየ ሹተር (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ሲረዝም) ይደበዝዛል። እዚህ የሚያድነው ሰፊ አፐርቸር ብቻ ነው። ለምሳሌ 10-18 ጫፉ 18 ላይ ሲሆን ከኤፍ/5.6 አይከፈትም፤ ኤፍ/2.8 የሚከፈት ሌንስ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ ይኸውም በአንዱ 1/15 ሰከንድ የሚጠይቀው ፎቶ በሌላው በ1/60 ይነሳል ማለት ነው። ፊቱ የጠፋ ዲያቆንና በጧፍ ብርሃን ዐይኑ የሚታይ ዲያቆን የሚለዩት በዚህ ነው።

ስለዚህ 24 ሚ.ሜ. ኤፍ/2.8 ኤስቲኤም ይጨመር። 125 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ከጃኬት ኪስ የሚገባ ቀጭን ሌንስ ነው፤ እስከ 16 ሴንቲሜትር ድረስ ስለሚጠጋም የብራና ጽሑፍን ወይም የመስቀል ቅርጽን በቅርበት ያነሳል። ብዙዎች በምትኩ 50 ሚ.ሜ. ኤፍ/1.8ን ይመክራሉ። ለፊት ምስል እጅግ ያማረ ነው፣ ብርሃንም የበለጠ ያስገባል፤ ነገር ግን በክሮፕ ካሜራ የ80 ያህል ስለሚጠብ በጠባብ ቤተ መቅደስ ውስጥ ወደ ኋላ የሚሉበት ቦታ ያሳጣል።

በግዢ ጊዜ ስሙን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። 18-135ም ሆነ 55-250 የቀደሙ ዓይነቶች ስላሏቸው፣ በመጀመሪያው ላይ ዩኤስኤም፣ በሁለተኛው ላይ ኤስቲኤም የሚል ጽሑፍ መኖሩን ያረጋግጡ። ነጭ አራት ማዕዘን ምልክት ያለባቸው ሌንሶች የተሠሩት ለክሮፕ ካሜራ ነው፤ ቀይ ነጥብ ብቻ ባለበት ሙሉ ፍሬም ዲኤስኤልአር ላይ አይገጠሙም። የ10-18ና የ55-250 መግጠሚያ ፕላስቲክ፣ የ18-135 ግን ብረት ስለሆነ፣ ያገለገለ ሲገዛ በፕላስቲኩ ላይ መሰንጠቅ እንደሌለ መመልከት ይገባል። ከዚያ የስልክ መብራት ከኋላ አብርተው ከፊት በኩል ወደ መስታወቱ ይመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀጫጭን ክሮች ከታዩ ሻጋታ ነውና ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይለፉት። የፖላራይዘር ፊልተር (ነጸብራቅን የሚቀንስ፣ ከሌንሱ ፊት የሚገጠም መስታወት) ለመግዛት ያሰበ ደግሞ 67 ሚሊሜትሩን ይያዝ፦ ለ18-135ም ለ10-18ም የሚሆን አንዱ ልክ ነው፤ 55-250 ግን 58 ይጠይቃል።