ዋጋ ሳይናገሩ ወርቃችሁን ከሚቆርጡ ገዢዎች ተጠንቀቁ

መኪናችሁ በድንገት ተበላሽቶባችሁ፣ የጋራዡን ሒሳብ ለመክፈል ከወላጅ የወረሳችሁትን ወይም ለክፉ ቀን ያስቀመጣችሁትን ወርቅ ልትሸጡ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ወደ ገዢው ከመሄዳችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። የምጽፈው ንዴቱ ገና ሳይበርድልኝ ነው፤ ሆኖም ደረሰኙን ከፊቴ አስቀምጬ፣ የምናገረውን እያንዳንዱን ነገር አመዛዝኜ ነው። ወርቅ ገዢው በዋጋ ሳንስማማ፣ ፈቃዴንም ሳይጠይቅ፣ የእናቴን አምባር ዓይኔ እያየ ለሁለት ቆርጦታል። ከዚያ በኋላ የደረሰብኝ ኪሳራ ሁሉ ከዚያች አንዲት ቅጽበት የመጣ ነው።

መኪናው ለደንበኞች ዕቃ የማደርስበት መተዳደሪያዬ ነው። የውሃ ፓምፑ ማፍሰሱ ሳይታወቅ የሞተሩ ሙቀት ከልክ አልፎ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በክዳኑና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጠለ። መካኒኩ ሞተሩን ከመፍታቱ በፊት ደውሎ፣ "ጓርኒሲዮኑ ብቻ ከሆነ ዋጋው ይህን ያህል ነው፤ ቴስታታው ተጣሞ ከሆነ ግን ይጨምራል፤ ልፍታው ወይስ ይቅር?" ብሎ ጠይቆኛል። ከፈታው በኋላም ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቴስታታው ላይ አጋድሞ፣ በማስመሪያው ሥር ብርሃን ሲያልፍ አሳይቶኛል። አሉሚኒየም ቴስታታ ከመጠን በላይ ሲሞቅ እንደሚጣመም የምታውቁ ያየሁትን ትረዳላችሁ። ሒሳቡ ካሰብኩት እጅግ በለጠ፤ ያም ሆኖ በጋራዡ ላይ የማቀርበው ክስ የለም። ይህን የማነሳው ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው እጁ በዘይት የጠቆረውን መካኒክ ስለሆነ ነው። እርሱ አንዲት ቡሎን ከመፍታቱ በፊት አስፈቅዶኛል። ሳያስፈቅድ የቆረጠው፣ ከሚያብረቀርቅ መስታወት ጀርባ የተቀመጠው ሰው ነው።

ለሽያጭ የወሰድኩት ሦስት ጌጥ ነበር። አንደኛው 26 ግራም የሚመዝን፣ በእጅ የተጎነጎነ የእናቴ አምባር ነው፤ በውስጥ በኩል 750 የሚል ማኅተም አለው፤ ይህም ከሺህ እጅ 750ው ንጹሕ ወርቅ መሆኑን፣ ማለትም 18 ካራት መሆኑን ያመለክታል። ሁለተኛው ተመሳሳይ ማኅተም ያለው 10 ግራም ሐብል ሲሆን፣ ሦስተኛው 585 የሚል ማኅተም ያለበት 4 ግራም ቀለበት ነው፤ እርሱ 14 ካራት መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ ለገዢውም ገና ሳይጠይቀኝ ነግሬዋለሁ። አምባሩን እናቴ ባረፈች ጊዜ ከእጇ ያወለቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አውሼው፣ በመያዣነትም ሰጥቼው አላውቅም።

አሠራራቸውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ወንበር ይሰጣሉ፣ ውሃ ያቀርባሉ፣ የወርቅ ዋጋ ዛሬ ጥሩ መሆኑን ያወራሉ፣ በመካከልም ከልብ ያዘኑ በሚመስል ድምፅ "ምን ቢቸግርዎት ነው የሚሸጡት?" ይላሉ። እኔም የተጠየቅሁትን በእውነት መለስኩ፤ መኪናዬ ሞተሩ ተፈትቶ ጋራዥ መቆሙን፣ መለዋወጫውም የሚታዘዘው ቅድሚያ ክፍያ ሲገባ መሆኑን ነገርኳቸው። ያ ጥያቄ የወሬ ማሟያ አይደለም። ወርቁ ምን ያህል እንደሚያወጣ ከማስላታቸው በፊት፣ ሻጩ ያለ ገንዘብ ወጥቶ መሄድ ይችል እንደሆነ ይመዝኑበታል።

ወጣቱ ሠራተኛ ጌጦቹን ተቀብሎ ማኅተሞቹን በአጉሊ መነጽር ካየ በኋላ፣ "750 ይላል፤ ግን ማኅተም ማንም ሊመታ ይችላል፤ ውስጡን ማረጋገጥ አለብን" አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ አልተቃወምኩም። "ያረጋግጡ፤ ነገር ግን እንዳይጎዱብኝ፤ የእናቴ መታሰቢያ ነው፣ ዋጋው ካልተስማማኝ ይዤው ነው የምመለሰው" አልኩት፤ ይህንንም ጮክ ብዬ፣ ሌላው ሠራተኛ እየሰማ ነው የተናገርኩት። "ምንም አይሆንም እህታችን፣ እርስዎ ብቻ ይረጋጉ" ብሎ ፈገግ አለ። ይህን እያለኝ በአንድ እጁ መሳቢያ ይከፍት ነበር። ሞረድ የሚያወጣ መስሎኝ ሳለ መቁረጫ ፒንሳ አወጣ። አምባሩን አዙሮ፣ ጉንጉኑ ከሁሉ ይበልጥ የሚያምርበትን መካከለኛውን ቦታ በፒንሳው አፍ ውስጥ አስገባ። "ምን እያደረጉ ነው?" ብዬ ከወንበሬ ስነሳ ጨርሶታል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያደረገችው አምባር ሁለት ቁራጭ ሆኖ ሚዛኑ ሳህን ላይ ወደቀ፤ የተቆረጡት ሽቦዎች ጫፋቸው ወደ ላይ ተበታትኖ ነበር።

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። የተቆረጠውን ጫፍ በመፈተኛው ድንጋይ ላይ አሽቶ፣ በድንጋዩ ላይ በቀረው የወርቅ መስመር ላይ ጠብታ አሲድ አድርጎ፣ "አየሽ፣ መስመሩ ጠፋ፤ ይሄ 18 አይደለም፤ 14 ነው። ሁሉንም አንድ ላይ በ14 እንይዝልሻለን" አለኝ። እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ስባል ቆይቼ ነበር፤ አክብሮቱ ከአምባሩ ጋር ተቆረጠ።

"አምባሬን መልሱልኝ" አልኩ። ኃላፊው ከውስጥ ወጣና ቁራጮቹን በጣቱ ወደ እኔ እየገፋ፣ "መውሰድ ትችያለሽ፤ አሁን ግን ስብርባሪ ነው፤ የትም ብትሄጂ በስብርባሪ ዋጋ ነው የሚወስዱት፤ የመፈተሻውን ደግሞ ከፍለሽ ትወጫለሽ" አለኝ። ስለ መፈተሻ ክፍያ ከዚያ በፊት አንድም ቃል አልተነሳም፣ በግድግዳውም ላይ የተለጠፈ ነገር አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ወጣቱ ለኃላፊው፣ እኔ በፊታቸው ቆሜ፣ ድምፁን ዝቅ እንኳ ሳያደርግ የነገረው ነው፦ "መኪናዋ ተፈትቶ ጋራዥ ነው ያለው፣ የትም አትሄድም።" ችግሬን በትሕትና የጠየቁኝ ለዚህ ነበር።

የአምባሩን መቆረጥ ለመፈተሽ ያስፈልጋል ብለው ለሚያምኑ ሰዎች፣ ሥራውን ከሚያውቅ አንጥረኛ ጠይቄ የተረዳሁትን ላስቀምጥ። የወርቅን ንጽሕና በኤክስሬይ የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ጌጡን ምንም ሳይነካ በደቂቃ ውስጥ ውጤት ይሰጣል። መሣሪያው የሚያነበው የላይኛውን ክፍል ስለሆነ ወፍራም የወርቅ ቅብ ሊያታልለው ይችላል፤ ስለዚህ ገዢ በማይታይ ቦታ ላይ በሞረድ ትንሽ ፍቆ ውስጡን ማየቱ አግባብ ነው። በአየርና በውሃ ውስጥ መዝኖ እፍጋቱን ማስላትም ይቻላል፤ ንጹሕ ወርቅ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 19.3 ግራም ስለሚመዝን፣ ውስጡ በመዳብ ወይም በነሐስ የተሞላ ጌጥ በክብደቱ ይጋለጣል። ከእነዚህ አንዱም ጌጡን ለሁለት መቁረጥን አይጠይቅም። መቁረጥ ለገዢው የሚያስገኝለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሻጩ ዕቃውን እንደ ጌጥ ይዞ ወደ ሌላ ገዢ እንዳይሄድ ያደርገዋል።

ስለ አሲዱም የሚባል አለ። ለየካራቱ የተዘጋጀ፣ ጥንካሬው የተለያየ አሲድ አለ። የ18 ካራት ወርቅ መስመር ለ18 በተዘጋጀው አሲድ ሲነካ ይቆያል፤ ለ22 በተዘጋጀው ሲነካ ግን ይጠፋል። ስለሆነም መስመሩ ጠፋ ማለት፣ የትኛው ጠርሙስ እንደተከፈተ ካልታየና ካራቱ የታወቀ ወርቅ ከጎኑ ተሠምሮ ካልተነጻጸረ፣ ምንም አያረጋግጥም። የተጠቀመበት ጠርሙስ ጽሑፉ ወደ እርሱ የዞረ ነበር፤ እንዲያሳየኝ ብጠይቀውም መልሶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከአምባሩ ጋር በአንድ አንጥረኛ እጅ የተሠራ የእናቴ ጉትቻ እህቴ ዘንድ ስላለ፣ በኋላ በኤክስሬዩ መሣሪያ አስመርምረነዋል፤ 75 ከመቶ ወርቅ ነው። የተሸጠው አምባር ግን በእጄ ስለሌለ ያንኑ ምርመራ ላደርግለት አልችልም፤ ይህንንም ጠንቅቀው ያውቃሉ።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። አምባሩ በ18 ካራት ሲታሰብ 19.5 ግራም፣ ሐብሉ 7.5 ግራም፣ ቀለበቱ በ14 ካራት 2.34 ግራም፣ በድምሩ 29.34 ግራም ንጹሕ ወርቅ ይዘዋል። እነርሱ ግን ሦስቱን አንድ ሳህን ላይ ከምረው 40ውንም ግራም በ14 ካራት አስልተው 23.4 ግራም አደረጉት። ሐብሉን ማንም አልፈተነውም፤ ድንጋዩንም አሲዱንም አልነካም፤ ከአምባሩ ጎን በመቀመጡ ብቻ ካራቱ ወረደ። በዚህ መንገድ ወደ 6 ግራም የሚጠጋ ንጹሕ ወርቅ፣ ቀለበቱ ከነድብልቁ ከሚመዝነው የሚበልጥ ማለት ነው፣ ያለ ክፍያ ቀረ። በዚያ ላይ "ለማቅለጫ የሚጠፋ" ብለው ደግሞ ቀነሱ። የእጅ ሥራው ዋጋ፣ ከቁርጥራጭነት በፊት የነበረው፣ በየትኛውም መስመር ላይ አልታየም።

ገንዘቡን ተቀብዬ ወጣሁ፤ በዚያች ሰዓት የቀሩኝ አማራጮች ሁሉ የእነርሱ ሥራ ነበሩ። ሲቆጥሩልኝም ብሩን መስታወቱ ላይ በትነው ተዉልኝ፤ እኔ ስሰበስብ ኃላፊው ቀጣዩን ደንበኛ "ይግቡ፣ ይቀመጡ" እያለ ወንበሬን ይጠቁመው ነበር። ገንዘቡ የጋራዡን ሒሳብ አልሞላም፤ የጎደለውን መካኒኩ ቆይቼ እንድከፍለው ፈቅዶልኝ መኪናው ተነስቷል።

ለምትሄዱ ሰዎች ባጭሩ፦ ለምን እንደምትሸጡ አትናገሩ። ጌጦቹን አንድ በአንድ ስጡ፣ አንዱ ተመዝኖ ዋጋው በጽሑፍ ሳይሰጣችሁ ሁለተኛውን ከቦርሳችሁ አታውጡ። ፒንሳ ካያችሁ ወርቁን ወዲያው መልሳችሁ ያዙ። የዓለም ገበያ ዋጋ የሚነገረው 31.1 ግራም በሚመዝነው የወርቅ አውንስ ስለሆነ፣ የዕለቱን ዋጋ ለ31.1 አካፍላችሁ በማኅተሙ ንጽሕና (750 ከሆነ በ0.75) አባዙት፤ የአንድ ግራሙን ዋጋ ታገኛላችሁ፤ ገዢ ትርፉን መቀነሱ የተለመደ ነው፣ ነገር ግን ምን ያህል እንደቀነሰባችሁ በዚያ ታውቃላችሁ።

የሰጡኝ ደረሰኝ "ስብርባሪ ወርቅ፣ 40 ግራም" ይላል እንጂ አምባር፣ ሐብል ወይም ቀለበት የሚል ቃል የለበትም፤ ካራትም አልተጻፈበትም። ጌጦቹን ከቤት ከመውጣቴ በፊት ማኅተሞቻቸው በሚታዩበት ሁኔታ ፎቶ አንስቻቸው ስለነበር፣ ፎቶዎቹን ከደረሰኙና ከጉትቻው የምርመራ ውጤት ጋር አያይዤ የሸማቾችን አቤቱታ ለሚቀበለው መሥሪያ ቤት አቀርባለሁ። በዚሁ መንገድ ጌጡ የተቆረጠበትና እንዲህ ያለ ደረሰኝ በእጁ ያለ ሰው ካለ፣ ደረሰኙን እንዳይጥለው አደራ እላለሁ፤ አቤቱታውን ከእኔ ጋር ቢያቀርብ "በአጋጣሚ የተፈጠረ ስህተት ነው" የሚል መልስ ይዘው ለመቅረብ ይከብዳቸዋል።