የአባቴን ጊታር ዕድሜ ላወቁልኝ ሰው

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ቤታችሁ አሮጌ ጊታር ካለ የትም ከመውሰዳችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የተወልን አንድ ፌንደር ስትራቶካስተር የሚባል የኤሌክትሪክ ጊታር አለ። «በ1960 አስመራ፣ ቃኘው ጣቢያ ከነበረ አሜሪካዊ ወታደር ገዛሁት» ይለን ነበር። ያደግነው ይህን እየሰማን ነው።

ዕድሜውን አረጋግጬ ላሳድሰው ብዬ ሦስት ቦታ ዞርኩ። ስማቸውን አልጠራም። የመጀመሪያው ሰውዬ የጊታሩን ራስ አየት አደረገና «የ1960 አይደለም» አለ። የዚያን ጊዜ ፌንደር ሎጎው ቀጭን ስለሆነ «ስፓጌቲ» ይሉታል፤ ያንተ ወፍራም ነው፣ ዙሪያውን ጥቁር መስመር አለው፣ ራሱም ትልቅ ነው አለኝ። እሺ፣ ይሁን። «አባትህ ዋሽቶሃል» ማለትን ምን አመጣው? ሁለተኛው አስመስሎ የተሠራ ነው ብሎ 300 ዶላር ልስጥህ አለኝ። የሦስተኛው ባሰ። ሎጎውን ልጬ ስፓጌቲውን ልለጥፍልህ፣ በውድ ትሸጠዋለህ አለ! መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ለገንዘቡ አይደለም። አባቴ ውሸታም ተብሎ ነው።

ወደ እኚህ ሰው የላከኝ አንድ ወዳጄ ነው። በዕድሜ የገፉ አሜሪካዊ ናቸው፣ ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ ነው የሚሠሩት። ሳወራ አላቋረጡኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«1960 ያልከው በእናንተ አቆጣጠር ነው በእኛ?»

ክው አልኩ። ሀበሻ ደንበኛ ስላላቸው ያውቃሉ። የእኛ 1960 እኮ በፈረንጅ ከ1967 መስከረም ጀምሮ ነው። የአባቴን ቃል እንዳለ ወስጄ ለሦስቱም የነገርኳቸው እኔው ነኝ።

ሲቢኤስ የሚባለው የአሜሪካ የብሮድካስት ኩባንያ ፌንደርን የገዛው በፈረንጅ 1965 ነው፣ የስትራቶካስተሩ ራስ የተለቀው ከዚያ በኋላ ነው አሉኝ። እንደ አባቴ ያለው ወርቃማ ሎጎም የዚያው ዘመን ነው፤ በ1968 ጥቁሩ ሎጎ መጣ። «ግን ሎጎ ብቻውን አይታመንም። ተለጣፊ ማንም ይገዛል፣ አንገትም ይቀየራል» ብለው ካቻቢቴ አነሱ። አራቱን ብሎን ፈተው አንገቱን አላቀቁት። ባትሪ አብርተው «አንተ ራስህ አንብበው» አሉኝ።

እንጨቱ ላይ በቀለም ማህተም ተመቷል፦ 13፣ ኦክቶበር 66፣ ቢ። 13 ቀኑ መስሎኝ ነበር፤ የሞዴሉ ቁጥር ነው አሉኝ። ስለ ሽቦውና ስለ ሌላው ብዙ አስረዱኝ፣ አልገባኝም። ዓይኔ ከ66ቷ አልነቀል አለ። በ66 መጨረሻ የተሠራ ጊታር ዓመት ቆይቶ አስመራ ላይ ቢሸጥ ምን ይገርማል?

እዚያው ሆኜ ለእናቴ ደወልኩ። «ድሮስ አባትህ መቼ ይዋሻል» አለችኝ።

ስንት ልክፈል ስላቸው የአዲስ ክር ዋጋ ብቻ ተቀበሉኝ። ሎጎውን ፖሊሽ እንዳታስነካው ብለው አስጠንቅቀው ሸኙኝ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው! እባካችሁ ወደ እሳቸው ሂዱ። ሌላ ቦታ አትንከራተቱ። የሰው ታሪክ ሰምተው ነው ዕቃውን የሚነኩት።

ስልካቸውን ለምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ሰኞ አይሠሩም።