ፍሬት ማስተካከያ ስትገዙ፦ ሮከር፣ ዘንግና ማድቦልቦያ ሲወዳደሩ

ፍሬት ማለት በጊታር አንገት ላይ አግድም የተተከለው ቀጭን ብረት ነው፤ አንዱ ከሌላው ከፍ ሲል ክሩ እየነካው ዝዝ ይላል፣ ስለዚህ ተፈግፍጎ እኩል ይደረጋል። መጀመሪያ የገዛሁት የፍሬት ማስተካከያ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የአሉሚኒየም ዘንግ ነበር። ቀጥ ያለ፣ ከበድ ያለ፣ ሲያዩት የሚያምር። ገንዘቤ እሱ ላይ አለቀና ማድቦልቦያ ሞረድ (የተፈገፈገውን የፍሬት ራስ መልሶ ድቡልቡል የሚያደርገው) ሳይኖረኝ የታናሽ ወንድሜን ዩኩሌሌ (ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር መሰል መሣሪያ) ፍሬቶች ፈግፍጌ እኩል አደረግኳቸው። ዝዝ የሚለው ድምፅ ጠፋ። ግን ክሩን ቃኝቼ 12ኛውን ፍሬት ስይዝ ድምፁ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ የፈለገውን ያህል ብቃኘው ያልተያዘው ክርና 12ኛው ፍሬት አይስማሙም። ወንድሜ ምንም አላለኝም። እሱ ዝም ማለቱ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የፍሬት ራስ ድቡልቡል ሲሆን ክሩ የሚያርፈው መሃሉ ላይ ነው። ሲፈገፈግ ጠፍጣፋ ይሆንና ክሩ ወደ ብሪጅ (ክሩ በመሣሪያው ሆድ ላይ ወደሚያርፍበት) ባለው ጠርዝ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ የሚርገበገበው ክር ያጥራል፣ ድምፁም ከፍ ይላል። የክሩ ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊታር 12ኛ ፍሬት ላይ የ1 ሚሊ ሜትር መዛነፍ 5 ሴንት ያህል ያስታል (ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው)። 345 ሚሊ ሜትር በሆነ ሶፕራኖ (ትንሹ ዓይነት) ዩኩሌሌ ላይ ያው 1 ሚሊ ሜትር 10 ሴንት ይሆናል። መሣሪያው ባነሰ ቁጥር ስህተት የሚሸከምበት ትከሻም ያንሳል። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ በዘንጉ ቆጥቡ፣ በማድቦልቦያው አትቆጥቡ።

ከሁሉ በፊት ሮከር

ሮከር አራት ጎኑ የተለያየ ርዝመት ያለው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ የብረት ቁራጭ ነው። ሦስት ፍሬት ላይ ታሳርፉታላችሁ፤ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዘ የመሃሉ ፍሬት ከፍ ብሏል ማለት ነው። ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ ይሄ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ሌላውን ከመግዛት የሚያድናችሁም እሱ ነው። ከፍ ያለው ፍሬት ከእንጨቱ ተነቅሎ ከሆነ ተጭኖ ወይም በማጣበቂያ ወደ ቦታው ይመለሳል እንጂ አይፈገፈግም። ይህን ሳያዩ መፈግፈግ ደህናውን ፍሬት በከንቱ መጨረስ ነው።

ለጊታር ማንኛውም ሮከር ይበቃል። ለዩኩሌሌ ግን አጭሩን ጎን ለኩ። በሶፕራኖ ላይ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ፍሬት ያለው ርቀት 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ9ኛው ሲጀመር ከ32 ያልፋል። ወደ 25 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጎን ከሌለው አራት ፍሬት ይነካና ያሳስታችኋል።

ዘንግ፦ የተገዛው፣ ከሱቅ ቁራጭ የተሠራው፣ ከክር ሥር የሚገባው

የዘንግ ሥራ ቀጥ ብሎ መቆየትና ካርታቬትሮ መሸከም ነው። የሚሸጡት ጥሩዎቹ በማሽን የተላጉ ስለሆኑ ቀጥታቸው ያስተማምናል፤ ዋጋቸው ግን ለአንድ ሁለት ጊታር ብቻ ለሚሠራ ሰው አያዋጣም። የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ቁራጭ አያጡም። ወፍራም መስታወት ላይ ካርታቬትሮ ለጥፋችሁ፣ የቱቦውን አንድ ፊት በማርከር ቀልማችሁ ብትፈገፍጉት፣ ቀለሙ በሙሉ እኩል ሲጠፋ ቀጥ ብሏል ማለት ነው። ከዚያ በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ቁጥር 320 ካርታቬትሮ ትለጥፉበታላችሁ። እኔ ዛሬ የምሠራው በእንዲህ ያለው ነው፤ የተገዛው ተቀምጧል።

ርዝመቱን ከመሣሪያው ጋር አመዛዝኑ። በባለ 22 ፍሬት ጊታር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፍሬት 43 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከ40 እስከ 45 ያለው ይሆናል። አጭር ዘንግ ኮረብታውንና ሸለቆውን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ አያስተካክልም። ለማንዶሊን 22 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ባለ 12 ፍሬት ለሆነ ሶፕራኖ ዩኩሌሌ ደግሞ 16 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው፤ የጊታሩ ዘንግ እዚያ ላይ ብሪጁን እየመታ ያስቸግራል።

ጎድጎድ ያለውን ራዲየስ ብሎክ (ሆዱ በፍሬቶቹ ክብነት ልክ የተቦረቦረ መፈግፈጊያ) አልመክርም። የፍሬትቦርዱ (ፍሬቶቹ የተተከሉበት እንጨት) የክብነት ራዲየስ 184፣ 241 ወይም 305 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ሌላ ብሎክ ያስፈልጋል፣ ትንሽ ካጋደለም የዳር ፍሬቶችን ይበላል። ጠፍጣፋው ዘንግ በእያንዳንዱ ክር መንገድ እስከ ሄደ ድረስ ለሁሉም ይሆናል። ክላሲካል ጊታርና ብዙው ዩኩሌሌ ቀድሞውኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ጥያቄው አይነሳም።

ሌላው ምርጫ ክሩ ሳይወልቅ ከሥሩ የሚገባው ቀጭን ዘንግ ነው። ብረት ክር የተወጠረበት አኩስቲክ ጊታር አንገቱን ከ70 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይስባል፤ ክሩ ሲወልቅ አንገቱ ቅርፁን ይለውጣል። ከክር ሥር መሥራት አንገቱን በትክክለኛ ሁኔታው ላይ እንዳለ ማስተካከል ነው። አንገቱ ውስጥ የማቅኛ ብረት (እየተጠመዘዘ አንገቱን የሚያቀናው) ለሌለው ክላሲካል ጊታር በተለይ እወደዋለሁ፣ አንገቱን በመጠምዘዝ ማቅናት አይቻልምና። ሥራው ቀርፋፋ ነው። ስምንት ክር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ለተወጠረበት ማንዶሊን አይመችም፤ ለዩኩሌሌ ደግሞ ውጥረቱ ትንሽ ስለሆነ ገንዘብ ማባከን ነው።

ማድቦልቦያው

እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት አለ። ርካሹ ማዕዘኑ ተላግቶ የለሰለሰ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ነው። ለጠባቡም ለሰፊውም ፍሬት ይሆናል፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ግን እጅ ይፈልጋል፤ የፍሬቱን ራስ በማርከር ቀልማችሁ፣ ከግራና ከቀኝ እየሞረዳችሁ መሃሉ ላይ የፀጉር ያህል ቀጭን የማርከር መስመር ማስቀረት አለባችሁ። ሁለተኛው ሆዱ ጎድጎድ ያለ ባለ ጥርስ ሞረድ ሲሆን ፈጣን ነው፤ ሲንቀጠቀጥ ግን ፍሬቱን እየቧጨረ ይሄዳል፣ ጭረቱን ለማጥፋት የምታጠፉት ሰዓትም ያተረፋችሁትን ይበላል።

ሦስተኛው ባለ አልማዝ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ይቆርጣል፣ ጭረቱ ቀላል ነው፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ፍሬትንም ይችላል። የተለመደው ፍሬት ኒኬል ሲልቨር ይባል እንጂ ብር የለበትም፤ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ ለስላሳ ነው፣ ተራ ሞረድ ይበቃዋል። የማይዝገው ግን ተራውን ሞረድ ቶሎ ያዶለዱመዋል። አልማዙ ከባለ ሦስት ማዕዘኑ በብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ ከሁለት መሣሪያ በላይ የሚሠራ ሰው አይጸጸትበትም።

ስትገዙ ስፋቱን አደራ። የጃምቦ (የሰፊው ዓይነት) ፍሬት ስፋት 2.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ የማንዶሊን 1.3 አካባቢ። ለጃምቦ የተሠራ ጎድጓዳ ሞረድ በማንዶሊን ፍሬት ላይ ጎኑን ሳይነካ ራሱን ብቻ ዝቅ ያደርገዋል። ጊታርም ዩኩሌሌም ያለው፣ ገንዘቡም ለአንድ ብቻ የሚበቃ ሰው ባለ ሦስት ማዕዘኑን ይግዛ። የወንድሜን ዩኩሌሌ ያዳንኩት በእሱ ነው፤ 12 ፍሬት ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል።

ማለስለሻው ቀላል ነው፦ ካርታቬትሮ ከ400 ጀምሮ እስከ 2000። የብረት ሱፍ የምትጠቀሙ ከሆነ የኤሌክትሪክ ጊታሩን ፒክአፕ (ከክሩ ሥር ያለው ባለ ማግኔት ድምፅ መቀበያ) በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፤ ማግኔቱ ብናኙን ይስባል።

ወይስ ለባለሙያ?

ክራርና ማሲንቆ ፍሬት የላቸውም፤ ስለዚህ ይህ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ አይደለም፣ ዕቃውም በብዛት የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። (ሞረድና ዘንግ በእጅ ሻንጣ እንዳይያዝ፤ በሚጫነው ይግባ።) ውጭ አገር ላላችሁ ፕሌክ የሚባለው የበርሊን ማሽን ያለው ጥገና ቤት ካገኛችሁ፣ ክሩ እንደተወጠረ ፍሬቶቹን ይለካል፣ ክሩ ከወለቀ በኋላ ደግሞ ይቆርጣል። አንድ ውድ ጊታር ብቻ ካላችሁ ዕቃ ከመግዛት እሱ ይሻላል።

ከሁሉም በፊት ግን የፍሬቱን ቁመት ለኩ። አዲስ ሲሆን እንደ ዓይነቱ ከ0.9 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ነው። ከ0.6 በታች ከወረደ የሚፈገፈግ ነገር አልቀረም፤ ለማስተካከያ ልታወጡት ያሰባችሁትን ገንዘብ ለአዲስ ፍሬት አስቀምጡት።