የሜሪላንድ የተወካዮች ምክር ቤት፦ መግቢያው ነፃ ነው፣ የረቂቅ ሕግ ቁጥር ግን ይዘው ይሂዱ

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሜሪላንድ ዋና ከተማ አናፖሊስ 30 ማይል ገደማ ነው፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ብዙዎቻችን ግን ከተማዋን የምናውቃት ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ወደቡ ዳር ወስደን በማንሸራሸር ነው እንጂ፣ ስለ ግብራችን፣ ስለ መኪናችን ኢንሹራንስና ልጆቻችን ስለሚማሩበት ትምህርት ቤት በጀት የሚወሰንባት ከተማ መሆኗን ልብ ብለን አይደለም። እኔም ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ለዓመታት ድምፅ ስሰጥ ቆይቼ፣ የመረጥኳቸው ሰዎች የሚሠሩበትን የሜሪላንድ የተወካዮች ምክር ቤት ገብቼ ያየሁት ዘግይቼ ነው። እስካሁን ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ኮከብ ስጥ ብባል ለሕንፃው 5፣ ለኮሚቴዎቹም 5 እሰጣለሁ፤ ለዋናው አዳራሽ ግን፣ ሳይዘጋጅ ለሚገባ ሰው ከሆነ፣ ከ3 አላልፍም።

በቅድሚያ ስለ ጊዜው መናገር ያስፈልጋል፤ ምክር ቤቱ ዓመቱን ሙሉ አይሰበሰብምና። ከጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ጀምሮ ለ90 ቀናት ብቻ ተቀምጦ፣ በኤፕሪል መጀመሪያ ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን ይበተናል። በቀሩት ወራት ከአባላቱ ብዙዎቹ ወደ ጥብቅናቸው፣ ወደ መምህርነታቸውና ወደ ንግዳቸው ይመለሳሉ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ይዞ የሚሄድ ሰው የሚያየው እንግዲህ ባዶ ወንበር ነው። ዴሊጌት የሚባሉት አባላት 141 ሲሆኑ፣ የሚመረጡት ለ4 ዓመት ከ47 የምርጫ ወረዳዎች ነው። እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሊጌቶች ይልካል፤ አንዳንዶቹ ወረዳዎች ደግሞ ለዴሊጌቶች ምርጫ በውስጣቸው ይከፋፈላሉ። በ2020 የተቆጠረው የስቴቱ ሕዝብ 6.18 ሚሊዮን ያህል ስለሆነ፣ አንድ ዴሊጌት የሚወክለው ወደ 44,000 ሰው ነው ማለት ነው። ዋሽንግተን ላለው ኮንግረስ አባል ደብዳቤ ጽፈው መልስ ሲጠብቁ ለከረሙ ሰዎች ይህ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው።

ሕንፃውን ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰውም አይከስርም። ግንባታው የተጀመረው በ1772 ነው፤ በአገሪቱ ካሉ የስቴት ምክር ቤት ሕንፃዎች መካከል ሳይቋረጥ ለሕግ ማውጫነት ሲያገለግል እንደዚህ የቆየ የለም። ጉልላቱ ከእንጨት የተሠራ ሲሆን ተጋጥሞ የቆመው ያለ ብረት ምስማር ነው። ከ1783 መጨረሻ እስከ 1784 አጋማሽ ድረስ የአሜሪካ ኮንግረስ የተቀመጠው እዚሁ ነበር፤ ጆርጅ ዋሽንግተን የጦር አዛዥነታቸውን ለኮንግረሱ የመለሱትም ዲሴምበር 23 ቀን 1783 በዚሁ ሕንፃ በሚገኘው የድሮው የሴኔት አዳራሽ ነው። አሸናፊ የጦር መሪ ሥልጣኑን በእጁ ይዞ ሳለ መልሶ ሲያስረክብ እኛ በታሪካችን ምን ያህል ጊዜ እንዳየን እያሰብኩ በዚያ ክፍል ብዙ ቆየሁ። በዋናው መተላለፊያ ወለል ላይ የተሰመረው ሰፊ ጥቁር መስመር ደግሞ አሮጌውን ሕንፃ ከ1902 እስከ 1905 ከተጨመረው ክፍል ይለያል። አሁን የሁለቱም ምክር ቤቶች፣ የተወካዮቹና የሴኔቱ፣ አዳራሾች የሚገኙት በአዲሱ ክፍል ነው።

ከመስመሩ ወዲህ፣ በአሮጌው ክፍል ያለውን የድሮ የተወካዮች አዳራሽ ግን ማንም ሳያየው እንዳይወጣ እመክራለሁ። ከባርነት አምልጠው ባርነትን የታገሉት የሃሪየት ተብማንና የፍሬድሪክ ዳግላስ የነሐስ ሐውልቶች ከ2020 ጀምሮ የቆሙት እዚያ ነው። ሁለቱም እዚሁ ሜሪላንድ፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ በባርነት የተወለዱ ናቸው፤ ሐውልቶቹም የስቴቱ አዲስ ሕገ መንግሥት ባርነትን በሻረበት ኖቬምበር 1 ቀን 1864 ሊለብሱት በሚችሉት ልብስ ተቀርጸዋል። በሰው ልክ የተሠሩ ስለሆኑ አጠገባቸው የሚቆም ሰው ፊት ለፊት ይተያያል እንጂ አንጋጦ አያይም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ የነበሩት የሮጀር ቴኒ ሐውልት በ2017 ከግቢው ተነሥቷል፤ ጥቁሮች ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም የሚለውን የ1857 ፍርድ የጻፉት እሳቸው ናቸው። በግቢው በሌላው ወገን የቆመው፣ የዚያው ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ የተርጉድ ማርሻል ሐውልት ግን እንዳለ ነው። በ2019 ኤድሪየን ጆንስ የመጀመሪያዋ ሴትና የመጀመሪያዋ ጥቁር አፈ ጉባኤ ሆነው የተመረጡት በዚሁ ጣሪያ ሥር መሆኑን የሚያውቅ ጎብኚ ሌላ አስጎብኚ አያስፈልገውም።

ወደ ዋናው አዳራሽ ስንመጣ ሕዝብ የሚቀመጠው ከላይ በሰገነቱ ላይ ነው። የታች ግድግዳውና ዓምዶቹ ከጣልያን የመጣ እብነ በረድ ናቸው፤ ዝገት የመሰለው ቀለምና ጥቁሩ ተደባልቀው የስቴቱን ባንዲራ ወርቃማና ጥቁር ያስታውሳሉ። ዙሪያውን የቀድሞ አፈ ጉባኤዎች ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ስብሰባው በጸሎት ይጀመራል፣ እንግዶች ይተዋወቃሉ፣ ይጨበጨባል፤ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ይከታተላል። ከዚያ በኋላ ግን የረቂቅ ሕግ ቁጥሮች እየተጠሩ በፍጥነት ማለፍ ሲጀምሩ፣ ያልተዘጋጀ ጎብኚ ከሚናገሩት ይልቅ ጣሪያውን ማየት ይቀናዋል። «በገጽ 2፣ መስመር 7 ላይ ያለው ቃል ይውጣ» የሚል ዓይነት ማሻሻያ ሲቀርብ፣ ገጽ 2 በእጁ ላይ ለሌለ ሰው ምን ሊገባው ይችላል? በጉዳዩ ላይ ክርክሩ ቀደም ብሎ በኮሚቴ ያለቀ ስለሆነ፣ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የመጨረሻው ማኅተም ሲመታ ነው። ለአዳራሹ 3 የሰጠሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥር ይዤ በገባሁ ጊዜ ግን አዳራሹ ሌላ ቦታ ሆነብኝ። አንድ ረቂቅ በየምክር ቤቱ በሦስት የተለያዩ ቀናት መነበብ እንዳለበት የስቴቱ ሕገ መንግሥት ያዝዛል፤ የመጨረሻው ድምፅ የሚሰጠው በሦስተኛው ንባብ ላይ ነው። ድምፅ መስጫው ሲከፈት በሰሌዳው ላይ ከየአባሉ ስም አጠገብ አረንጓዴና ቀይ መብራት መብራት ይጀምራል። አፈ ጉባኤው ሁሉም ድምፁን መስጠቱን፣ መቀየር ወይም ማብራራት የሚፈልግ መኖሩን በአንድ ትንፋሽ ይጠይቁና ቆጠራው ይዘጋል። ወረቀት ያቀፉ አንድ ዴሊጌት በዚያች አፍታ ከጎን በር ብቅ ብለው ወደ ጠረጴዛቸው ሲጣደፉ አይቼ በልቤ ሳቅሁ። በኋላ ግን ጥድፊያው ገባኝ፤ ረቂቁ ለማለፍ የሚያስፈልገው በአዳራሹ ከተገኙት ሳይሆን ከጠቅላላው 141 አባላት አብዛኛው፣ ማለትም 71 ድምፅ ነው። ስለዚህ የቀረ ሰው ሳይወድ «አይሆንም» እንዳለ ይቆጠራል። ይህን ደንብ ለአገር ቤት ማኅበሮቻችን ጭምር እመኝላቸዋለሁ።

የምክር ቤቱ እውነተኛ አገልግሎት የሚገኘው ግን ከዋናው ሕንፃ ወጥቶ፣ በአቅራቢያው ባለው የዴሊጌቶች ቢሮ ሕንፃ ውስጥ፣ ኮሚቴዎቹ በሚሰበሰቡባቸው ክፍሎች ነው። በዋሽንግተኑ ኮንግረስ አብዛኛው ረቂቅ ማንም ሳይሰማው ይሞታል፤ እዚህ ግን በጊዜው ለቀረበ ረቂቅ ሁሉ ማለት ይቻላል የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ቀን ይያዝለታል። አስተያየት ለመስጠት ጠበቃ ወይም የድርጅት ተወካይ መሆን አያስፈልግም፤ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ መለያ ከፍቶ፣ የረቂቁን ቁጥር መርጦ፣ ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ መሆንን አመልክቶ ቀደም ብሎ መመዝገብ ብቻ በቂ ነው። በጽሑፍ ብቻ ማስገባትም ይቻላል። የምዝገባው ጊዜ ግን ከስብሰባው ቀን አስቀድሞ የሚዘጋ ስለሆነ፣ በዕለቱ ደርሼ እጄን አወጣለሁ ብሎ መሄድ አያዋጣም።

እኔ የተመዘገብኩት የመኪና ኢንሹራንስን በሚመለከት ረቂቅ ላይ፣ በኢኮኖሚ ጉዳዮች ኮሚቴ ፊት ነበር። ምስክሮች በቡድን በቡድን ወደ ጠረጴዛው እየተጠሩ ይቀመጣሉ፤ ለአንድ ሰው የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ 2 ደቂቃ ነው። 2 ደቂቃ የእኛ ሰው ሰላምታ እንኳ የማይጨርስበት ጊዜ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ሰዓት ይዤ አራት ጊዜ ተለማምጄ ሄድኩ። በቀኜ የተቀመጡት ሴትዮ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተወካይ ነበሩ፤ ወረቀታቸው በፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ በቀለም ተለያይቶ ሲደረደር፣ የእኔ ከታክሲ ደረሰኝ ጀርባ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ነበር። ነገር ግን ማይክሮፎኑ ለሁለታችንም አንድ ነው፣ ሰዓቱም አንድ ነው። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ስንት ዓመት እንደነዳሁና ስንት ጊዜ እንደተጋጨሁ ጠየቁኝ፤ ጥያቄው ለእኔ መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ ነበር።

ስለ በጀት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። ለረጅም ዘመን የሜሪላንድ ምክር ቤት ገዥው ካቀረቡት በጀት መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም ነበር። በ2020 ሕዝቡ ያጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከ2024 የበጀት ዓመት ጀምሮ፣ ጠቅላላው ድምር ገዥው ካቀረቡት እስካልበለጠ ድረስ፣ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው የመጨመር ሥልጣን ሰጥቶታል። ለትምህርት ቤት ወይም ለክሊኒክ ገንዘብ የሚጠይቅ ማኅበር እንግዲህ ደጁን የሚጠናው የገዥው ቢሮ ብቻ አይደለም።

ከሥራ ፈቃድ ማግኘት ለማይችል ሰው የአዳራሹም ሆነ የኮሚቴዎቹ ስብሰባ በቀጥታ በቪዲዮ ይተላለፋል፤ ቀረጻውም ይቀመጣል። ድረ ገጹ መልኩ የሚማርክ ባይሆንም ሥራውን ይሠራል። የረቂቁን ቁጥር ሲያስገቡ ሙሉ ጽሑፉ፣ ያቀረቡት አባላት ስም፣ ስብሰባ የተያዘለት ቀንና እያንዳንዱ ዴሊጌት የሰጠው ድምፅ ይወጣል። የመረጡት ሰው በምን ላይ «እሺ» እንዳለ ለማወቅ ወሬ መጠየቅ አያስፈልግም።

በአካል ለሚሄድ ሰው፣ በር ላይ ፍተሻ ስላለ ፎቶ ያለበት መታወቂያ መያዝ ግድ ነው። የከተማዋ መንገዶች ከመኪና በፊት የተቀየሱ ጠባብ መንገዶች ስለሆኑ ለመኪና ማቆሚያ ግማሽ ሰዓት መያዝ ይበጃል፤ እኔ የገባሁበት አንድ የግል ማቆሚያ ማሽኑ ሁለት ጊዜ አስከፍሎኝ ገንዘቤን ለማስመለስ ሦስት ሳምንት ደጅ ጠንቻለሁ። ምሳ ይዞ መሄድም አይከፋም፤ የኮሚቴ ስብሰባ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 7 ሰዓት ስለሆነ በባዶ ሆድ መግባት ይመጣል።

የመሰከርኩበት ረቂቅ ከኮሚቴው አልወጣም። በ90ኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ሌሎች ቤታቸው ተኝተው ሳለ እኔ ስልኬ ላይ ገጹን ከፍቼ ነበር፤ የመጨረሻው መስመር አሁንም እኔ የተናገርኩበትን ቀን ያሳያል። በሜሪላንድ ደንብ ያልጸደቀ ረቂቅ ወደ ተከታዩ ዓመት አይሻገርም፤ እንደገና መቅረብ አለበት፤ ቁጥሩም ይለወጣል። በተከታዩ ጃንዋሪ ተመልሶ ሲቀርብ አዲሱን ቁጥር ጻፍኩት፤ በዚህ ጊዜ ግን ደረሰኝ ጀርባ ላይ አልነበረም።